የቤንዚኑ ክዳን ቁልፍ

እናቴ የሞተችው በሕመሟ ነው። ሐኪሞቹም፣ የዳባት ጎረቤቶቿም፣ የንስሐ አባቷም የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔ ግን በዚያ ሕመም ላይ የጨመርኩት ነገር አለ። የምጽፈው እሱን ነው።

ጎንደር ውስጥ፣ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለ ሰፈር እኖራለሁ። ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ማስተማር ነው። እናቴ ዳባት፣ ከከተማው ወጣ ብላ፣ ከታላቅ ወንድሜና ከሚስቱ ጋር ትኖር ነበር። ወንድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን የሞተው እኔ ገና ዳዴ ስል ስለነበር አባት ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወና የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፤ ኋላም ሾፌር ሆኖ በሁመራና በመተማ መንገድ ብዙ ዘመን ነዳ። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የያዝኳት ሻንጣም ከእሱ ነበሩ። ወገቡ ሲታመም ማሽከርከሩን ትቶ ዳባት ተመለሰና ገብስና ድንች ማምረት ጀመረ። እኔ የምጠራው «አያ» እያልኩ ነው። በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

መኪናዋን የገዛሁት ከተማውን ለቆ ከሄደ የሥራ ባልደረባዬ ላይ ነው። ነጭ፣ አሮጌ፣ ካርቡራተር ያላት የቤት መኪና ነበረች። ወንድሜ መጀመሪያ ያያት ቀን መከለያዋን ከፍቶ ሞተሯን አስነሣና ጆሮውን አዘንብሎ ሲያዳምጥ ቆየ። «ሸጋ ናት» አለ። «አሮጊት ናት እንጂ ሐቀኛ ማኪና ናት።»

እኔ ከተማ ውስጥ እምብዛም አታስፈልገኝም ነበር፤ ለቅርብ ቦታ ባጃጅ አለ። ስለዚህ ዳባት ወጥቼ ስመለስ ብዙ ጊዜ በአውቶቡስ እመጣና መኪናዋን እዚያው እተዋታለሁ። «ለእናታችን ትሁን፣ ቤተ ክርስቲያንም ዘመድ ጋም አድርሳት» አልኩት ወንድሜን። ይህን ስል ለራሴ ትልቅ ሰው መስዬ ታይቼ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከዚያ የቤንዚን ችግር መጣ። ጎንደር ውስጥ ቤንዚን ለማግኘት መኪናህን ሰልፍ ላይ አቁመህ ሄደህ፣ በማግስቱ ተመልሰህ ትገፋታለህ። በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ላስቲክ ይሸጣል። አንዳንዱም በጎማ ቱቦ ከሰው መኪና ይመጥጣል ይባል ነበር። እኔ በስንት መከራ ሞልቼ ዳባት የማደርሳትን መኪና መልሼ ስረከብ ጠቋሚው ቀዩ መስመር ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። አንድ ጊዜ ሆነ። ሁለተኛም ሦስተኛም ሆነ።

«አያ፣ ቤንዚኑ ምን ላይ ዋለ?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። ያሳደገኝን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። መጠርጠር ግን ነውር አልመሰለኝም። ማታ ማታ ስተኛ በሐሳቤ እሱ በጎማ ቱቦ ሲቀዳ፣ ጎረቤት ላስቲክ ይዞ ሲሰለፍ አይ ነበር። በማግስቱ ስደውልለት ደግሞ ደኅና አደርክ እለዋለሁ።

አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ለአንድ አስተማሪ ነገሩን ሳልዘረዝር አወራሁት። «በቁልፍ የሚዘጋ ክዳን አለ እኮ» አለኝ። «ግዛና ተገላገል።»

ከአራዳ ወረድ ብሎ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች አንዱ ውስጥ ገብቼ ገዛሁ። ባለ ሱቁ «የየትኛው መኪና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ልክ የእሷ አይደለም፣ ግን ግጥም ይላል» አለ። እውነትም ግጥም አለ። ምንም ያልሆነውን የድሮውን ክዳን አወጣሁና ቤት ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። አዲሱ ሁለት ቁልፎች ነበሩት። አንዱን ከቤቴ ቁልፍ ጋር አሰርኩት፤ ሌላውን ከድሮው ክዳን አጠገብ አስቀመጥኩት።

ወንድሜ መኪናዋን ሊወስድ ጎንደር ሲመጣ ወዲያው አየው። ሾፌር አይደል?

«ምነው፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የድሮው ክዳን ጠፋብኝ» አልኩት። «ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«አንድ ብቻ ነው ያለው። እኔ ጋ ይቀመጥ፤ ለማንኛውም ሞልቼ ነው የምሰጥህ።»

«እሽ» አለ። ሁለት ውሸት በአንድ ትንፋሽ ዋሸሁትና ገብቼ ምሳ በላሁ።

ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ መቆም ጀመረች። በመጀመሪያ ደውሎ የነገረኝ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሆኖ ነው። ደኅና ስትሄድ ቆይታ አቅም ታጣለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ትጠፋለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትቆማለች። ጎንደር አስመጥቼ ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ ካንዴላ ቀየረ፣ ፊልትሮ ቀየረ፣ ካርቡራተሩን ፈታትቶ አጠበ። ከተማ ውስጥ ዞር ዞር አድርገን ስንሞክራት እንደ አዲስ ሆነች። ዳባት ስትመለስ ቆመች። ሁለተኛ መካኒክ የቤንዚን ፓምፑን ቀየረ። አሁንም ቆመች። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ነው አለና ሽቦ ሲመዝ ዋለ። እሱም አልሆነም።

እኔ ከቤት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ ቤት ስነዳት አንድ ቀን እንኳ ቆማብኝ አታውቅም። አጭር መንገድ ስለሆነ መሆኑ አልታየኝም። ለእኔ የታየኝ በእኔ እጅ ደኅና መሆኗ፣ በእሱ እጅ መበላሸቷ ነው። ይህንንም ነገርኩት።

«አያ፣ እኔ ጋ አትቆምም። አንተ ጋ ስትሆን ብቻ ምን ነክቷት ነው የምትቆመው?»

ይህን ያልኩት ዳገት ቁልቁለቱን በከባድ መኪና ሲያሽከረክር ዕድሜውን ለፈጀ ሰው ነው። ፊቱን አላጠቆረም። እንደ መምህር በትዕግሥት አስረዳኝ።

«ስማኝ፣ ይች ማኪና እሳት አላጣችም። ሙቀትም አይደለም። ቤንዚን ነው የማይደርሳት። ልክ እንደጠማው ሰው ነው የምትሆነው። ቁልፉን ተውልኝና ከታንከሩ ጀምሬ ልያት።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን አስገብቼ በጣቶቼ ይዤው ነበር።

«ብቸኛ ቁልፍ ነው አያ፤ ቢጠፋ እንቸገራለን» አልኩት።

አየኝ፤ ትንሽ ረዘም አድርጎ አየኝ። ከዚያ «እሽ፣ እንዳልክ» አለና ከብቶቹን ሊያስገባ ሄደ።

እናቴ የታመመችው በኅዳር ወር፣ የገብስ አጨዳ ላይ ነው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ደጅ ላይ ተቀምጣ ሳለ ወደ አንድ ጎኗ አዘመመች። የወንድሜ ሚስት ብትጠራት መናገር አቃታት። የወረዳው አምቡላንስ ወላድ ይዞ ሌላ ቀበሌ ሄዶ ነበር። ወንድሜ እናታችንን ተሸክሞ መኪናዋ ውስጥ አስገባት፤ ሚስቱ ከኋላ ራሷን ይዛ ተቀመጠች፤ ወደ ጎንደር ተነሡ። መነሣታቸውን ደውሎ ነገረኝ። እኔም ሆስፒታል ለሚሠራ አንድ የማውቀው ሰው ደወልኩና ክፍል ገባሁ። እስኪደርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባቸዋል ብዬ ነበር።

ትምህርቱን ሳላጋምስ ስልኬ ጮኸ። ኮሪደር ላይ ወጥቼ አነሣሁት።

«ማኪናዋ ቆመች» አለኝ። ነፋሱ ድምፁን ይወስደው ነበር። «አምባ ጊዮርጊስን አልፈን፣ ኮሶዬ ሳንደርስ። እናታችን ዐይኗን ገልጣለች ግን አትሰማኝም።»

«እንዴት ትቆማለች? ባለፈው ሳምንት አሠርቻት!»

«ቤንዚን እየወጣ አይደለም። ይኑራት አይኑራት እንኳ ማየት አልቻልኩም፤ ይህ ጠቋሚ አይታመንም፣ ክዳኑም ቁልፍ ነው። በድንጋይ ልስበረው?»

የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ብረሳው ደስ ባለኝ።

«አትንካው!» አልኩት። «ሞልቼልሃለሁ፤ ቤንዚን አላት። ክዳኑ ምን አደረገህ? መንዳት ካቃተህ መኪና አስቁምና ጫናት!»

ከኋላው ሚስቱ እናታችንን ስትጠራ ሰማሁ።

«እሽ» አለኝ፤ ዘጋው።

መኪናዋን እንደገና ለማስነሣት ሲሞክር፣ ተነሥታ ጥቂት ሄዳ ስትቆም፣ ደግሞ ሲጠብቅ ጊዜው ሄደ። ያን ቀን በመንገዱ ላይ ብዙ ተሽከርካሪ አልነበረም። በመጨረሻ ድንች የጫነ የጭነት መኪና አግኝቶ እናታችንን ጋቢና አስገብተው አመጧት። እሱ ራሱ ከላይ፣ ከጆንያው ጋር ተቀምጦ ነው የመጣው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስቀበላቸው ልብሱ በሙሉ አፈር ነበር። እኔ ለእሱ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከተነሡ አራት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሐኪሙ ወጣት፣ ጨዋ ሰው ነው። ስትሮክ መሆኑን አስረዳንና መቼ እንደጀመራት ጠየቀ። ሰዓቱን ስንነግረው ወረቀቱ ላይ ጻፈ። «እንዲህ ያለው ነገር ላይ ሰዓት ብዙ ይወስናል» አለ። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ…» አለና ፊታችንን አይቶ ቀሪውን ዋጠው።

አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ግራ እጇን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር፤ በእሱ የወንድሜን ጋቢ ጫፍ ይዛ አትለቅም። እሱ ከአልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። እኔ ክፍል አስተምሬ፣ ሾርባ ይዤ እመጣለሁ፤ ቆሜ አይቻት እሄዳለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ አረፈች። ዳባት ወስደን ቀበርናት።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ከሩቅ የመጣ አንድ የእናቴ ዘመድ፣ ለወሬ ያህል፣ ለምን በጊዜ ሐኪም ቤት እንዳልደረሰች ጠየቀ። ወንድሜ ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ ነበር። መልስ ለመስጠት አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩት።

«እሱን ጠይቁት» አልኩ በእጄ እያመለከትኩ። «ደኅናዋን መኪና አበላሽቶ እናቴን መንገድ ላይ ያስቀራት እሱ ነው።»

የሴቶቹ ልቅሶ እንኳ ቆመ። ወንድሜ ተነሣ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝም በወደድኩ። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ፣ ሰዉን እጅ ነሣና ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ በአርባዋም ተገናኝተናል። በሬውን አርዶ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ሰዉን አስተናግዶ ዋለ። ለእኔ ግን ቃል አልነበረውም። ሰዎቹም ቢሆኑ በሹክሹክታ «ለካ እሱ ነው» ይሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። እውነቱ ይህ ነው ብዬ አምን ስለነበር አላረምኳቸውም።

ከመንገድ ዳር አስጎትቼ ጎንደር ያቆምኳትን መኪና ለመሸጥ ወሰንኩ። እሷን ባየሁ ቁጥር የመንገዱ ዳር ይታየኛል። በመጋቢት አንድ የደባርቅ ሰው አይቼ ልግዛት አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሞልቼ፣ በእጄ ቆልፌ ብቻዬን ተነሣሁ። ክዳኑ ከተገጠመ ወዲህ ከከተማ ወጥቼ ሩቅ መንገድ ስነዳት የመጀመሪያዬ ነበር፤ የዳባቱን ደርሶ መልስ ሁልጊዜ የሚነዳት ወንድሜ ነበር። ዳገቱን ጨርሼ ኮሶዬ ልደርስ ስል እግሬ ሥር አቅሟ ሲከዳት ተሰማኝ። ነዳጅ ስሰጣት ትንገዳገዳለች። ከመንገዱ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች ፊት ለፊት ጠፋች።

ወርጄ መከለያውን ከፈትኩ። የምሠራው ስለሌለኝ ዝም ብዬ ቆምኩ። ከምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነች?»

«አላወቅሁም አባቴ። ስትሄድ ቆይታ ትጠፋለች። ስታርፍ ትነሣለች።»

«ካረፈች ትነሣለች?»

«አዎ።»

«ሌላ ቦታ እንዲህ ሆና ታውቃለች?»

ፓምፑን፣ ካንዴላውን፣ ሽቦውን ዘረዘርኩላቸው። ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት የመንገድ ሥራ ማሽን ላይ የሠሩ ሰው መሆናቸውን ኋላ ነው የነገሩኝ። ሞተሯን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ወደ መኪናዋ ኋላ ሄዱና የቤንዚኑን ክዳን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ክፈተው።»

ቁልፉን አስገብቼ አዞርኩ። ክዳኑ እንደመላቀቅ ሲል ከውስጥ «ፉሽሽ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ በእጄ ላይ ተሰማኝ። ረጅም ነበር። አንድ ሰው ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ ሲል እንደሚተነፍሰው ነው።

«በል አስነሣት» አሉኝ።

በመጀመሪያው ተነሣች።

«ይኸው ነው» አሉ፤ ምንም ትልቅ ነገር አላደረጉትም። «ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። የእሷ ክዳን መተንፈሻ አለው፤ ይህ የሌላ ነው፣ ድፍን ነው። ታንከሩ ይታፈንና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። በሚስማር ብትበሳው ይበቃዋል። ሥራህ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

ይህንኑ እኮ ነው በየዓመቱ መስከረም ላይ ለጀማሪ ተማሪዎች ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ የማስተምረው። የአየር ግፊት። ጠርሙስ፣ ቀሰም፣ ቀስት።

«የልጆች» አልኳቸው።

መንገዱ ዳር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሩ እንደበራ ነበር። ያን ቀን በስልክ ያለኝ ጆሮዬ ላይ ነበር። በድንጋይ ልስበረው ብሎኛል። ቢሰብረው ኖሮ ያን ፉሽታ ይሰማ ነበር፤ መኪናዋ ትነሣ ነበር፤ ከዚህ እስከ ጎንደር ቁልቁለት ነው። ቁልፉን ብሰጠው ኖሮ ደግሞ ነገሩ ከወራት በፊት ያበቃ ነበር። ከዚያም በፊት ብጠይቀው ኖሮ ክዳኑ ራሱ አይገዛም ነበር። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አጠገቤ ቆሙ። «ማኪናዋ እኮ ዳነች ልጄ» አሉኝ።

ደባርቅ አልሄድኩም። ዳባት ስደርስ ወደ ቤት ታጠፍኩ። ወንድሜ የድንች ማሳው አጥር ተነቅሎበት እሾህ እየሰካ ነበር። የመኪናዋን ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ፤ ማን እንደሆነ ሲያይ ሥራውን ቀጠለ። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«አያ፣ የማኪናዋ ችግር ተገኘ።»

«ምን ሆነች?» አለ፤ ወደ እሾሁ እያየ።

«ክዳኑ ነው። የቤንዚኑ ክዳን አየር አያስገባም ነበር።»

እጁ ቆመ። ሾፌር ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አንድ ጊዜ ዐይኑን ጨፈነ።

«ቢከፈት ትነሣ ኖሯል ማለት ነው» አለ።

«ወዲያው።»

«ያን ቀን ስደውልልህ ድንጋዩን በእጄ ይዤው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አትንካው አልከኝ።»

«አዎ።»

እንግዲህ ሁሉንም ልናገር ብዬ ነበርና ከኪሴ ቁልፉን አወጣሁ። «ሁለት ነበር» አልኩት። «ሌላው ቤቴ ነው። የድሮው ክዳንም አልጠፋም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

አሁን ገና ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ጥፋቴ የሞኝ ጥፋት መስሎት ነበር።

«ታዲያ ምነው ቆለፍከው?»

«ቤንዚኑ እያለቀ… አንተ የምትሸጠው መስሎኝ።»

ከቤቱ በኩል የሚስቱ ድምፅ ዶሮ ስትጠራ ይሰማል። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ለሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

«እናታችን ደም ግፊት ነበረባት። ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በየሳምንቱ ደባርቅ እወስዳታለሁ። መድኃኒቱ እዚያ ሲጠፋ ሊማሊሞን ወርደን አዲ አርቃይ ድረስ ፈልገናል። ቤንዚኑ እዚያ ነው የሄደ። ማኪናዋ መቆም ስትጀምር እኔ እፈራ ጀመር፤ በመንገድ እንዳትቀርብኝ ብዬ አንዳንድ ሳምንት አልወሰድኳትም። መድኃኒቷን ሳትውጥ የሰነበተችበት ጊዜ አለ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ ከተማ ሆኜ፣ ሐኪም እያወቅሁ…»

«‹ሥራውን ፈትቶ ይመጣል፣ አትንገረው› ትለኝ ነበር። እኔስ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።» እሾሁን አነሣና መስካቱን ቀጠለ። «አልጠየቅህም።»

እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በክንዱ መለሰኝ፤ ያለ ቁጣ፣ አጥር የሚጥስ ጥጃ እንደሚመልስ። «ተነሥ» አለኝ። «በሰው ፊት የተናገርከው በዚህ በአጥር ሥር አይመለስም።» ሚስቱ ወጥታ እህል ሳትቀምስማ አትሄድም ብላ ለመነችኝ። እሱ አልለመነኝም። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም ስለምናውቅ እሷም ሁለተኛ ሳትል ተወችው።

በሙት ዓመቷ ድንኳኑ እንደገና ተተከለ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ሰዉ በልቶ ሲያበቃ ተነሣሁ። ክዳኑን፣ ሁለቱን ቁልፎች፣ ስልኩን፣ ጥርጣሬዬን ሳልደብቅ ተናገርኩ። ወንድሜ ንጹሕ መሆኑን፣ እኔ መዋሸቴን ተናገርኩ። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጡኝ።

«ተው ልጄ፣ ራስህን አትግደል። ቀኗ ደርሶ ነው።»

«የእናት ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» አለች አንዲት አሮጊት ዐይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነው! የወንድሙን ጥፋት ሳይቀር ይሸከማል።»

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ቄሱም እግዚአብሔር ያጽናህ አሉኝ። በሠልስቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልኩትን ሁሉም አምነውኝ ነበር፤ ይህን ሁሉ ስናገር ግን የሚያምነኝ አንድ ሰው አጣሁ። የተማርኩ፣ ከተማ የገባሁ፣ ሐዘንተኛም ስለሆንኩ ደግ ተባልኩ። ወንድሜ ጀሪካን ውኃ በሁለት እጁ ይዞ ከድንኳኑ መጋረጃ አጠገብ ቆሞ ሲሰማ ነበር። አሮጊቷ ያለችውን ሲሰማ አየሁት። ጀሪካኑን ለሴቶቹ አስረከበና ሌላ ሊቀዳ ሄደ።

መኪናዋን የድሮውን ክዳኗን መልሼ ገጥሜ ሸጥኳት። ገዥው አንድ ቀን አግኝቶኝ ቆማበት እንደማታውቅ ነግሮኝ አመሰገነኝ።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ስልክ ደወለልኝ። ስሙን ስልኬ ላይ ሳይ ተነሥቼ ቆምኩ።

«እንደምን አሉ?» አለኝ።

የተሳሳተ መሰለኝ። «አያ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አዎ፣ እርስዎ መሆንዎን አውቄያለሁ። ልጄ ለፈተና ጎንደር ትገባለችና ሁለት ቀን ቢያሳድሩልኝ ብዬ ነው። ካላስቸገርኩዎ።»

ዳዴ ስል ጀምሮ ያሳደገኝ ሰው፣ አፍንጫዬን የጠረገልኝ ሰው፣ እንደ ወረዳ ሹም አንቱ አለኝ። በንዴት አልነበረም፤ በጨዋነት ነው። «አንተ በለኝ እባክህ» ልለው ፈልጌ አልቻልኩም። «ምን ችግር አለው፣ ትምጣ» አልኩት።

ልጅቷ መጣች፤ ተፈተነች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሊወስዳት ራሱ መጣ። በሩ ድረስ ወጣሁ፤ እጁን ሰጠኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስላሳደርኳት አመሰገነኝ። ግባና እህል ቅመስ ብዬ ለመንኩት።

«እግዜር ይስጥዎ፣ አውቶቡሱ ይሄድብናል» አለና የልጁን ቦርሳ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አነገተ።

ገና ሦስት ሰዓት ነበር። የዳባቱ አውቶቡስ የሚነሣው ከቀትር በኋላ ነው። ሁለቱ ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ በወገቡ ምክንያት ቀስ እያለ ሲሄድ፣ እስኪታጠፉ ድረስ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው።